በፎርፌ ያሸነፈችው ልጅ

አንድ አያት ነበሩ። ጥያቄዎን አልዘነጋሁትም፣ እትዬ ብርዛፍ። «እኛ ትምህርት ቤት ለመግባት አለቀስን፣ የልጅ ልጄ ላለመግባት ታለቅሳለች፣ ምን ነክቷት ነው?» ብለውኛል። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

እኚህ አያት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሸማኔ ነበሩና ከሽመና ጉድጓዱ አላስወጣ አሏቸው። እሳቸው ግን አባትየው ገበያ በወጡ ቁጥር ይሾልካሉ። የትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር ከሥሩ የጎርፍ ማውጫ ቀዳዳ ነበረው። በዚያ በደረታቸው ተስበው ይገቡና መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ ዘበኛው አይቶ እስኪያባርራቸው ድረስ። ስማቸው አንድ ቀን እንኳ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አረጁ።

ሰባተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። አንድ ቀን የልጅቷ ስም ጠሪ መምህር መንገድ ላይ አገኛቸውና «የልጅ ልጅዎ በየቀኑ ትፎርፋለች» አላቸው። ክፍል ጥላ ትወጣለች ማለቱ ነው። አያትየው ግን ፎርፌን የሚያውቁት ከሬዲዮ ኳስ ነው፤ ተጋጣሚው ሲቀር ሌላው በፎርፌ አሸነፈ ሲባል ሰምተዋል። ደስ ብሏቸው ባርኔጣቸውን አነሱና መምህሩን መረቁት። እሱም ግራ ገብቶት፣ ነገ ከደገመች ስሟ ይነሳል አላቸው። ከመዝገብ ይሰረዛል ነው ነገሩ። እሳቸው ስሟ በሰው ሁሉ ፊት በክብር ሊነሳ ነው ብለው ለሰፈሩ አዳረሱ። እድርተኛው ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት አለ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አቀርቅራ ጉርሻዋን ማኘክ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

በማግስቱ አያትየው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት ሄዱ። ዘበኛው መታወቂያ ጠየቃቸው፤ ቤት ረስተውታል። አልተከራከሩም። አጥሩን ዞረው ወደዚያ ወደ አሮጌው ቀዳዳ ሄዱ፣ ጋቢያቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው በደረታቸው ገቡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው ከሌላ ግንባር ጋር ተጋጨ።

የልጅ ልጃቸው ነበረች።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ስምሽ ሲነሳ ልሰማ። አንቺስ?»

«ልፎርፍ።»

ያን ጊዜ ገባቸው። አልተቆጡም፤ ለመቆጣት የሚሆን ቦታም አልነበረም። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ቀበቷቸውን ድንጋይ ይዞታል። እሷ ካልተመለሰች ሁለቱም እዚያው መዋላቸው ነው። ውስጥ ደወል ተደውሏል፣ ስም ሊጠራ ነው፤ እሷ ከሌለች ደግሞ ትሰረዛለች።

«ለመሆኑ ውጪ ምን አለ?» አሏት።

«ምንም። ውስጥስ ምን አለ፣ አባባ?»

«እኔ እንጃ። ሳልጨርስ ነው ያባረሩኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። እየሳቀች ወደ ኋላ ተስባ ወጣችና እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻቸው። አቧራ እንደለበሱ ክፍል ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መምህሩ ስሟን ሲጠራ ሁለቱም እኩል «አቤት» አሉ።

እንግዲህ እትዬ ብርዛፍ፣ የልጅ ልጅዎንም እንዲሁ ይዩዋት። ቀዳዳው አንድ ነው። እርስዎ ከውጭ ነበሩና ውስጡ አስጎመጀዎት፣ እሷ ከውስጥ ናትና ውጪው አስጎመጃት። እርስዎ ደጅ ቆመው «በእኛ ጊዜ» ሲሉ፣ እሷ የምትሰማው የማታውቀውን ኳስ በሬዲዮ ነው። ነገ ደብተሯን ስትዘረጋ አጠገቧ ቁጭ ይበሉና፣ ያላስጨረሱዎትን እንድታስጨርስዎ ይጠይቋት። ግንባርዎ ትንሽ ይላጥ ይሆናል። የእኔ ከተላጠ ሰነበተ።