ቁልፍ ይዞ የተኛው ባሌና ሦስቱ ተማሪዎቹ

በአንድ ወቅት ቁልፍ ይዞ የሚተኛ ባል ነበረኝ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔ ከገበያ ተመልሼ ደጅ አንኳኳለሁ። ሲከፍትልኝ እየሳቀ፣ «በእኛ ሙያ ቁልፍ ይዞ ከመተኛት የከፋ ጥፋት የለም» ይለኝ ነበር። ይርዳው ከርነል የሚሉትን የኮምፒውተር እምብርት መጻፍ ያስተምር ነበር።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ ከኋላቸው ሐያትን፣ ናኦልንና ስንታየሁን፣ ሦስቱን ተማሪዎቹን አየሁ። ይርዳው ከሆስፒታል እንደማይመለስ ገባኝ።

ሳይታመም በፊት ለከተማችን ክሊኒክ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ይሠራ ነበር። በማሽኑ ውስጥ አንዱ ፕሮግራም ሙቀቱን ሲጽፍ ሌሎች ያነባሉ። ጽሑፉ ሳያልቅ ያነበበ ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ሕፃኑም ይጎዳል። ስለዚህ አንዱ ሲጽፍ ሌላውን የሚያግድ ቁልፍ ያስፈልጋል። ሦስቱም ተማሪዎቹ በየራሳቸው መንገድ ሠሩት፤ ሦስቱም ሲፈተኑ አልተሳሳቱም። ማሽኑ ግን የሚቀበለው አንዱን ነው።

«ላፕቶፔን ለሚገባው ስጪልኝ፤ ሥራዬን የሚረከበው እሱ ነው» አለኝ ከሆስፒታል አልጋው ላይ።

«ለማን?» አልኩት።

«መጀመሪያ ስሚያቸው» ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ማታ እኔን ወደ ቤት ሸኙኝ፤ እሱ ግን እንደተኛ አልነቃም።

ከተዝካሩ በኋላ ቤት ጠራኋቸው።

«የእኔ አንባቢ ፕሮግራም ቁልፉ እስኪለቀቅ በሩ ላይ ቆሞ መላልሶ ያንኳኳል» አለች ሐያት። «ጽሑፉ የሚፈጀው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ለዚያ ማን ይተኛል?»

«እስከዚያ የማሽኑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ በከንቱ ይልፋ?» አላት ናኦል።

ሐያት ይርዳው ሆስፒታል ሳለ ከኮሪደሩ አልተነቃነቀችም። ትምህርቷም ቀረ። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ግን አገኛት።

«የእኔ ይተኛል» አለ ናኦል። «እስከዚያ በፕሮሰሰሩ ሌላ ፕሮግራም ይሥራበት። ሲከፈት እንቀሰቅሰዋለን።»

«አንተ እንቅልፋም፣ እስክትነቃ ልጁ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ናኦል ደግሞ ይርዳው ሲታመም፣ «እትዬ ወይንሸት፣ ስፈለግ ይደውሉልኝ» ብሎኝ ሄዶ የይርዳውን ክፍል ሲያስተምርለት ከረመ። በደወልኩ ቁጥር ደረሰ፤ አንዴማ ጠመኔው ከእጁ ሳይለቅ።

ስንታየሁ ሆስፒታል ብቅ አላለም። ተቀይሜው ነበር። ለቅሶ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጣች፤ ለካ እሱ ክሊኒኩ ውስጥ በይርዳው አሮጌ ፕሮግራም ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ሲያሠራላት ነው የሰነበተው።

«የእኔ አንባቢ አይጠብቅም» አለ። «የሚጽፈው ፕሮግራም ለብቻው አዲስ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ሲጨርስ ይተካዋል። አሮጌውን ይዞ የነበረ አንብቦ እስኪጨርስ አይጣልበትም።»

«እና አሮጌ ሙቀት ያንብብ?» አለ ናኦል።

«ለአፍታ። ግን ሙሉውን ያነባል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ የጋሼ ይርዳውንም አሮጌ ቅጂ እርስዎ በቃኝ እስኪሉ አላጠፋም።»

ናኦል አንገቱን ደፋ። ሐያት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ላፕቶፑ እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ክሊኒኩ የማን ሥራ ማሽኑ ውስጥ እንደሚገባ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ይርዳው አሁንም የመልሱን ቁልፍ ይዞ ተኝቷል፤ እኔም እንደ ልማዴ ደጅ ነኝ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለነፍሱ ጸልዩለት። ከጸለያችሁ በኋላ ደግሞ ንገሩኝ፤ ቆማ ለጠበቀችው፣ ሲጠራ ለደረሰው ወይስ ሥራው እንዳይቆም ላደረገው፣ ላፕቶፑ ለማን ይገባል?