ተርቦ ነው

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ «ከልሽን መቼ ታወልቂያለሽ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእሱን ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው ሾፌር ነበር። መኪናው አሮጌ ናት፤ ከቆላው ገበያ ሰውና እህል ጭና ዳገቱን ወደ ደጋው ከተማ የምትወጣው ግን እሷ ነበረች። እኩዮቿ ተፈታተው ብረታቸው ተሸጦ አልቋል። እሷን ያቆያት የባለቤቷ ጠባይ ነው። ዘይቷን ሳይጠቁር ይቀይራል፤ የውሃ ቱቦዋ ሳይሰነጠቅ፣ የአየር ማጣሪያዋ በአቧራ ሳይታፈን ይደርስላታል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ አይረግጥም። የጋራዡ ሰዎች፣ «ደግሞ መጣህ? ሳትታመም ጠበል የምትመላለስ መኪና ያንተን ብቻ አየን» ይሉታል።

«ከታመመችማ የምትበሏት እናንተ ናችሁ» ይላቸዋል።

በተጋቡ ሰሞን፣ አንድ ቀን ዳገቱን ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም። ሚስቱ በር ላይ ሆና፣ «አትገባም እንዴ?» አለችው።

«ተርቦ ነው፤ ትንሽ ይረፍ» አላት።

እሱ ያለው ሞተሩን አየር የሚያጠግበውን፣ ሾፌሮች ተርቦ የሚሉትን ዕቃ ነው። እሷ ግን የተራበ እንግዳ ይዞ የመጣ መሰላት። ቂጣ በቅቤ ለውሳ በሳህን ይዛ ወጣች። ጎንበስ ብላ ብታይ ከባሏ በቀር ማንም የለም። «እንግዳውስ?» አለች። ሰውየው ነገሩ ሲገባው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳት።

«ዳገት ሲወጣ ተርቦው ይግላል፤ በኃይል ይሽከረከራል። ድንገት ባጠፋው ሞተሩ ይቆማል እንጂ እሱ ወዲያው አይቆምም። ዘይት ተቋርጦበት በደረቁ ይዞራል። የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሳልረግጥ፣ በቀስታ፣ ሚኒሞ በምንለው በዝቅተኛው ዙር ላይ ትንሽ አቆየዋለሁ።»

ቂጣውን እዚያው ተካፍለው በሉ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስታጓራ በሰማች ቁጥር ሚስቱ የሚቀመስ ነገር ይዛ ትወጣለች። የቀኑ ወሬ የሚነገረው እዚያ ነበር። መጽነሷን የነገረችውም እዚያ ነው። ኩርፊያም ቢኖር እዚያው ያልቃል። ጎረቤቱ «እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?» እያለ ሲያሾፍ፣ እነሱ ከመኪናዋ ጋር አብረው አረጁ።

ሰውየው ሞተ። መኪናዋን ታናሽ ወንድሙ ያዘ፤ ተርቦ ያለው መኪና ነድቶ አያውቅም ነበር። የቤቱ መተዳደሪያ ደግሞ ይህችው መኪና ናት፤ እሷ ከቆመች ቤቱም ቆመ። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን እያስጓራ ወጣና፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ሴትየዋ ከል እንደለበሰች ሮጣ ደረሰችና በመስኮቱ እጇን አስገብታ እጁን ያዘችው።

«ተርቦ ነው» አለችው።

«ማን ነው የተራበው፣ እትዬ?» አለ፣ ወደ ኋላ ወንበር ዘወር ብሎ።

ሴትየዋ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። በዚያኛው በር ዞራ ገብታ በቀድሞ ቦታዋ ተቀመጠች። ወንድምየው እጁን ከቁልፉ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ተርቦው እስኪበርድ ሁለቱም እዚያው ቆዩ።

እንግዲህ ልጄ፣ የሞተ ባል እንደ ሞተሩ ነው፤ ቆሟል። የቀረችው ሚስት እንደ ተርቦው ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከእሱ ጋር ስትዞር ኖራ፣ እሱ ስለቆመ ብቻ ወዲያው አትቆምም። «ዓመቱ ሞላ፣ ከልሽን አውልቂ» የምትሉኝ ወዳችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቁልፉን አትንቀሉብኝ። ሲበርድልኝ ራሴ አጠፋዋለሁ። እስከዚያ የሚቀመስ ነገር ይዘሽ ነይና አጠገቤ ተቀመጪ።