የፊታውራሪ ናደው መዝጊያና አያ ደርበው

በአምባጫ ስለ አያ ደርበው የሚወራው ሁሉ እውነት ከሆነ ሰውየው ሦስት መቶ ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ይህን ግን ነገሩ ሲሆን ቆመው ያዩ ሽማግሌዎች ለአባቶቻችን ነግረዋቸዋል፤ እኛም ብዙ ሳንጨምር እናወራዋለን።

አያ ደርበው ርስት የለውም፣ በሬ የለውም፤ ያለው ምላስ ብቻ ነው። እሱንም ይዞ የሚውለው የአምባጫ ዋርካ ሥር ነበር። ገበያው እዚያ ይቆማል፣ ዳኛው እዚያ ያስችላሉ፣ የተጣላ እዚያ ይታረቃል፤ ደርበውም እዚያው ተጎልቶ ሰው ሲያስቅ ይመሻል። ታዲያ አዲሱ ገዢ ፊታውራሪ ናደው ለአዳራሻቸው ከአንድ ግንድ የተፈለጠ ወጥ መዝጊያ ተመኙና፣ «ወፍራም ዛፍ ያለበትን አሳየኝ» ብለው ደርበውን መንገድ መሪ አደረጉት። ባገሩ እንዲያ ያለ ዛፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዋርካው። አያ ደርበው እምቢ ቢል ሌላ ሰው ይመራቸዋል፤ ስለዚህ ጌትዬው መንገድ ላይ ሰልችተው ቢመለሱልኝ ብሎ አገር የሚያወራለትን ድንጋይና ምንጭ ሁሉ እያዞረ ያሳያቸው ጀመር።

መጀመሪያ የደረሱት ከሽንብሪት ወንዝ ማዶ ካለው የድንጋይ ክምር ነው። ድሮ አንድ መንገደኛ የሞተበት ስፍራ ነው ይባላል፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ከመንገዱ አንድ ድንጋይ አንስቶ ይጥልና ነፍስ ይማር ይላል። ፊታውራሪ ከበቅሎ መውረዱ ታከታቸውና፣ «አንተ ስለ እኔ ጣልልኝ» አሉት። አያ ደርበው ያነሳውን ድንጋይ መልሶ አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ ሟቹ ሲሞት ሰው አልላከም፤ ራሱ ነው የሄደው።»

ፊታውራሪ እያጉረመረሙ ወረዱ።

ከዚያ የእውነት ውሃ ከሚባለው ምንጭ ወሰዳቸው። ውሸታም ሰው ከዚያ ከጠጣ ሆዱ ይነፋል ይላሉ ባላገሮቹ። ይህን የሰሙት አጃቢዎች፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ አንድ ባንድ አልጠማንም አሉ። ፊታውራሪ ስቀውባቸው በቅል አስቀዱና ግጥም አድርገው ጠጡ። ከዚያም ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «የታለ የነፋኝ?» አሉ። አያ ደርበው በወገባቸው ዙሪያ ዞሮ አየ።

«ውሃው ምን ያድርግ ጌታዬ፤ ሥራዬን ሌላ ቀድሞ ሠርቶታል ብሎ አለፈ።»

ከምንጩ ወደ ፈረስ ዝላይ ወጡ። አንድ ጀግና ከወዲያኛው ገደል በፈረስ ዘሎ አርፎበታል የሚባል፣ ኮቴው የታተመበት ድንጋይ ነው። ያገሩ ቋጣሪ አቶ ካሴ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ አንድ ቅል ማር ያላመጣ አያይም ይላል። ለፊታውራሪ ግን ፈርቶ ከፈተ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ቆጠሩና፣ «ፈረስ እግሩ አራት ነው። ይኸ ሰፋ ያለው አምስተኛው የማን ነው?» አሉ። አቶ ካሴ ማሩ ሊቀርበት ነውና ላብ አጠመቀው።

«አሽከሩ ነው ጌታዬ» አለ አያ ደርበው። «ስንቁን ተሸክሞ ከኋላ ዘሏል።»

«ታዲያ ስለ እሱ ሲወራ እንዴት አልሰማሁም?»

«ማን ያውራለት? ያን ገደል ዘሎ ሲያርፍ እንኳ የተባለው ‹ምነው ዘገየህ› ነው።»

አቶ ካሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአሽከሩ ሌላ አንድ ቅል ማር ማስጨመር ጀመረ።

ፊታውራሪ ግን አልሰለቹም። ጭራሽ ጨዋታው ጥሟቸው፣ እየሳቁ የአምባጫ ገበያ እንደ ደራ ደረሱ። ዋርካውን ሲያዩ መዝጊያቸው ተገትሮ የሚጠብቃቸው መሰላቸው። ወዲያው «ቁረጡ» አሉ። አያ ደርበው ያን ጊዜ የሚቀልደው ነገር አጣ። አንዱ አሽከራቸው ምሳሩን ወደ ላይ ሲያነሳ ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀው ድምፅ ወጣው፤ «በንጉሥ አምላክ!»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተሰማ ነገሩ በዳኛ ሳይታይ እጅ አይሰነዘርም። አሽከሩ ምሳሩን እንዳነሳ ቀረ። ዳኛው ባላምባራስ እንግዳየሁ ከተቀመጡበት ከዋርካው ሥር ሳይነሱ፣ «ከሳሽ ማነው?» አሉ። ፊታውራሪ ባለፈው ሰሞን ትልቁም ትንሹም ለሕግ ይደር ብለው ያሳወጁ ናቸውና በገበያተኛው ፊት ማፈግፈግ አፈሩ።

«ከሳሹ እኔ ነኝ» አሉ። «ይህ ዛፍ መዝጊያዬን ይዞ አልለቅም ብሎኛል።»

«እንግዲያው በወጉ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ልብስ ለልብስ ይቋጠሩ» አሉ ዳኛው። ለግንዱ አንድ ነጠላ አልበቃ ብሎ የገበያው ሴቶች ነጠላቸውን እየቀጣጠሉ አለበሱት፤ ጫፉም ከፊታውራሪ ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። ቀጠሮውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሆነ። ፊታውራሪ እስከዚያ ከዛፍ ጋር ታስሬ ልክረም ወይ ብለው ቢቆጡ፣ ዳኛው ሁለታችሁም ዋስ ከጠራችሁ ትፈታላችሁ አሉ።

«ለዋርካው ዋስ የሚሆን?» አሉ ዳኛው።

ገበያው እንዳለ ተነሳ። ጨው ሻጩ ተነሳ፣ በግ ነጂው ተነሳ፤ ተከትሎ የመጣው አቶ ካሴ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ተነሳ።

«ለፊታውራሪስ?»

አሽከሮቻቸው ብድግ ሲሉ ዳኛው እንጀራቸውን የሚበላ ዋስ አይሆንም ብለው አስቀመጧቸው። ከዚያ ወዲያ የተነሳ የለም። አንዱ ሰማዩን ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያራግፋል። ፊታውራሪ ኩታቸው እንደ ተቋጠረ ዋርካው ጥላ ሥር ቆመው ቀሩ። በመጨረሻም፣ «በምገዛው አገር ለእኔ ዋስ የሚሆን አንድ ይጥፋ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። አያ ደርበው ቀረብ ብሎ እጅ ነሳ።

«አይጨነቁ ጌታዬ፤ ዋርካውን እንለምንልዎታለን፤ እሱ የማያውቀውንም ያስጠልላል። ብቻ ዋስ የሆነ ጉዳዩ እስኪያልቅ በሕይወት መኖር አለበት።»