የወደቀ ለለቃሚ

የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰዎቿ አብዛኞቹ ወደ አኺራ ሄደዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። ይህን ያህል ልበል፦ ዳገት ላይ የተቀመጠች፣ መስጂዷ ከገበያዋ የሚበልጥ አሮጌ ከተማ ነበረች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ሰው ከሰው የሚለየው በድምፁ ነበር።

በዚያች ከተማ ሐጂ ሙህዬ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው ጨው በበቅሎ እየጫኑ ይነግዱ ነበር። የመኪና መንገድ ሲመጣ በቅሎዎቹን ሸጡ። ሱቅ ይከፍታሉ ወይም ቤት ሠርተው ያከራያሉ ብሎ ሰው ሲጠብቅ፣ ከከተማዋ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ከወንዙ በላይ ያለች አንዲት ትንሽ ደን ገዙ። ወይራ፣ ጥድ፣ ጥቂት ዋንዛ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ብሳና ነበረባት። መላ ዙሪያዋን ዞሮ ለመጨረስ የተስቢሕ ዶቃ ሁለቴ መቁጠር ይበቃ ነበር።

"ሐጂ፣ ይህን ሁሉ እንጨት ገዝተው ምን ሊያደርጉት ነው?" አላቸው አንድ ነጋዴ ወዳጃቸው።

"ላየው ነዋ።"

"አይተውትስ?"

"እሱም ያየኛል።"

ደኗን የሸጡላቸው የአንድ ሟች ወንድሞች ናቸው። የሟቹ ሚስት እትዬ ሉባባ ልጅ አልነበራትም። በሸሪዓ የሚገባትን ድርሻ አገኘች፤ እሱም በሁለት ክፉ ዘመን አለቀ። ከዚያ ወዲህ ድሮ የባሏ ወደነበረችው ደን እየገባች የወደቀ እንጨት ትለቅም ጀመር። ይህ ነውር አልነበረም። በአገሩ ልማድ የቆመ ዛፍ የባለቤቱ ነው፤ ደርቆ መሬት ላይ የተገኘ ግን የለቃሚ ነው። ባለ ደኑ አይከለክልም፤ ለቃሚውም አያመሰግንም። እትዬ ሉባባ ሰደቃ አትቀበልም። በዒድ ዋዜማ እህል የላከላትን ሰው "ከእኔ የባሰ ፈልግ" ብላ ከደጃፏ እንደመለሰችው ሰምቻለሁ።

እኔ የደኗ ጠባቂ ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ስለ ወጣትነቴ ማውራት አልወድም። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ታማ ተኝታ ነበር፤ ከሐጂ ሙህዬ በፊት ሥራ የሰጠኝ ሰው የለም። ይህ ይበቃል።

ዛፍ መጠበቅ ማለት ዱላ ይዞ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ሐጂ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ከብት እንዳይገባ እሾህ እናጥራለን፤ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ድንጋይ እንክባለን፤ ወፍ ከጣለችው ፍሬ የበቀለውን የወይራ ችግኝ ከፀሐይ በሣር እንሸፍናለን። ቅርንጫፍ ሲሰበር ቁስሉን ጭቃና እበት ለውሰው በመዳፋቸው ይለስኑታል።

"ዛፍም ይቆስላል" ይሉኝ ነበር። "ውሃ ከገባበት ውጪው ሳያስታውቅ ውስጡ ይበሰብሳል።"

ቀፎ ይሰቅሉ ስለነበር መሰላል ነበራቸው። አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈው ረፋድ ላይ ዱሓ ይሰግዳሉ። እኔ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ንቡ ያጉረመርማል፤ ታች ወንዙ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ኖሬ ተመልሻለሁ። እንደዚያ ያለ ረፋድ አላገኘሁም።

በሁለተኛው ክረምት እቤት እህል አለቀ። አንድ ገበሬ ለሞፈር የሚሆን ቀጥ ያለ ወይራ ይፈልግ ነበር። ሐጂን ብጠይቃቸው ይሰጡኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። እትዬ ሉባባን ያሰራት ነገር እኔንም አስሮኝ ይሆናል። ልዩነታችን እሷ የወደቀውን ለቀመች፤ እኔ የቆመውን ቆረጥኩ። አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ጣልኩና በአንድ ቁና ማሽላ ለወጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ወይራ በኩል ማለፍ ተውኩ።

ክረምቱ ወጣ። በበጋው ሲራጅ ደኗን ሊያይ መጣ። ሲራጅ የሐጂ የበኩር ልጅ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከዓይኑ ግን ምንም አያመልጥም። ቀና ብሎ ሲያይ በየዛፉ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጉቶ አየ። ከሃያ በላይ ነበር። ሁሉም የደረቁ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ግን ነፋስ መጋዝ የለውም። እኔም አይቻቸው ነበር። አንድ ሌባ እየበለጠኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የራሴ ጉዳይ ስላለብኝ ዝም አልኩ።

ሲራጅ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ሐሙስ ረፋድ ወደ ደኗ መጣ። የሚመሯቸው ሸህ አረቡ ነበሩ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጆሯቸው ግን የነቃ ሰው። ሐጂ ሙህዬ ጥዳቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ሰላምታ ሰጡና ተመልሰው ተቀመጡ።

"ድመትን የሥጋ ዘበኛ አደረግናት" አለ ሲራጅ ወደ እኔ እየጠቆመ። "ሥጋው አለቀ። አሁን ማን በላው እያልን ነው።"

"ደረቁን አልነካሁም" አልኩ።

"ደረቁን?" አሉ ሸህ አረቡ፤ ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው።



"እሱ ካልሆነ ለቃሚዎቹ ናቸዋ" አለ ሲራጅ። "ያቺ ሉባባ የምትባለው ሸክሟ በየሳምንቱ ይከብዳል። ነፋሱ ለእሷ ብቻ ነው የሚነፍሰው? የባሏ ደን ስለነበረ ዛሬም የእሷ መስሏታል።"

ሐጂ ተስቢሓቸውን መቁጠር አቆሙ።

ሸህ አረቡ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ነገሩን አናርዝመው" አሉ። "አንተ ልጅ፣ ወዲህ ቅረብ። በዚህ ደን በቆመ ዛፍ ላይ ብረት አላሳረፍኩም ብለህ ወላሂ በል። ከማልክ ነፃ ነህ፤ ለቃሚ ሴቶቹን አስጠርተን እንጠይቃለን። አልምልም ካልክ ዛሬውኑ ከዚህ ትወጣለህ፤ ለምን እንደወጣህም ከተማው ይሰማል።"

በዚያች ከተማ ሌባ የተባለ ሰው ሸክም እንኳ የሚያሸክመው አያገኝም። የእናቴ መኝታ በዓይኔ መጣ። ከዚያ ዛሬ የማፍርበትን ሒሳብ ሠራሁ። ይህ ሁሉ የተቆረጠው በእኔ እጅ አይደለም፤ የእኔ አንዲት ናት፤ ምላሴ ስለ ሌሎቹ ይምላል፣ አላህ መሓሪ ነው አልኩ። ሴቶቹን ግን አላሰብኳቸውም። አንድ እርምጃ ቀረብኩና አፌን ከፈትኩ።

"ቆይ፣ ታጁ" አሉ ሐጂ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

"እንዳትምል። ደረቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሲራጅ የሰማውን ያመነ አልመሰለም። "እርስዎ? በምን ወጥተው?"

"በመሰላል። ከሱብሒ በኋላ፣ ታጁ ለእናቱ ውሃ ሲቀዳ።"

"አባ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው..."

"ደረቅ ቅርንጫፍ ዛፉን ይከብደዋል። መነሣት አለበት።"

"ታዲያ ለምን ተደብቀው?"

"መሰላል ላይ ብታየኝ ታስወጣኝ ነበር?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ሐጂ፣ ጦጣዎቹ እንኳ ሳይከስሱዎት ቀሩ" አለ። ሐጂም ፈገግ አሉ። ሲራጅ ግን አልሳቀም።

"እሺ፣ ቆረጡት። ለምን አላስለቀሙትም? ለምን መሬት ላይ ተዉት?"

"መሬት ላይ የተገኘ የለቃሚ ነው። የአባቶቻችንን ልማድ እኔ ልሽረው?"

ሸህ አረቡ አንገታቸውን ደፉ። የገባቸው ይመስለኛል። ሲራጅም ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ተለወጠና ወደ ታችኛው መንገድ አየ፤ እትዬ ሉባባ ሸክሟን ይዛ የምትወርድበት መንገድ ነው። ሁለተኛ ስሟን አላነሣም።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። ሲነሡ ግን ሦስተኛው ሽማግሌ በዚያኛው ወይራ በኩል አለፈ።

"ይቺኛዋስ?" አለ። "ይቺ እኮ ደረቅ አልነበረችም።"

ጉቶው በጭቃና በእበት ተለስኖ ነበር። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የብዙ ወር ጭቃ ነው። ሸህ አረቡ በበትራቸው ጫፍ ሲያነሡት ከሥሩ የመጥረቢያው ምት ታየ። ያን ቁስል የለሰነው የማን መዳፍ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ሐጂ ሙህዬ ከክረምቱ ጀምሮ ያውቁ ነበር። በየቀኑ አብረውኝ ድንጋይ እየካቡ ያውቁ ነበር።

"ይህንም እርስዎ ነዎት?" አሉ ሸህ አረቡ።

"አይደለሁም።"

"ማን ነው?"

"እሱን የቆረጠውን ሰው በቆረጠበት ቀን ሐላል ይሁንለት ብዬዋለሁ። ሐላል ባልኩት ነገር ስም አልጠራም።"

"ሐጂ፣ ይህ ፍርድ እኮ ነው።"

"ዛፉ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"እንግዲያው ከሳሽ የለም፤ ፍርዱም አልቋል። አላህ ይስጥልን፣ ደከማችሁ።"

ሽማግሌዎቹ የፋቲሓ ዱዓ አድርገው ወረዱ። ሲራጅ ከአባቱ ፊት ትንሽ ቆመ፤ እጃቸውን ስሞ እሱም ሄደ። ከተማው ለአንድ ወር ያህል በሐጂ ሳቀ። ጨው ነጋዴው በስተርጅና ዛፍ ላይ ወጣ ይሉ ነበር፤ በስስት እንጨቱን ራሱ ይለቅማል ያሉም ነበሩ። እሳቸው ለማንም አላስተባበሉም።

ያን ረፋድ ብቻችንን ስንቀር ሐጂ ጭቃ ለወሱ። የተፈቀፈቀውን ጉቶ መልሰው መለሰን ጀመሩ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

"ሐጂ፣ እኔ..."

"አልጠየቅሁህም።"

"ልምል ነበር።"

"አይቻለሁ። ለዚያ ነው የተናገርኩት።"

ሥራቸውን ጨርሰው መዳፋቸውን በሣር ጠረጉ። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ተናገሩ።

"ዛፍ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል። በሐሰት የማለ ምላስ ግን፣ ልጄ፣ እሱን የምለስንበት ጭቃ የለኝም።"

ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ሐጂ ያን ሰደቃ ከገዛ ልጃቸው ሰውረው ኖሩ። የጠባቂያቸው ስም ሲነሣ ታገሡ፤ እትዬ ሉባባ ስትጠረጠርም ሲጨነቁ አየሁ እንጂ አልተናገሩም። ምናልባት ነገሩ ሁሉንም ሳያዋርድ የሚያልፍበትን መንገድ እየፈለጉ ይሆናል። የአንድ ድሃ ጠባቂ አፍ ለሐሰት መሐላ ሲከፈት ግን አልጠበቁም። ለራሳቸው ክብር መሰላሉን ሊሸሽጉ ይችሉ ነበር፤ ከመሐላዬ በኋላም ሐላል ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሐላል የሚባለው እንጨቱ ብቻ ይሆን ነበር። እኔ ደኗን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ተጠባቂው እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ እትዬ ሉባባ እንደ ልማዷ መጣች። ሦስት ደረቅ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ነበር። ሸክሟን አስሬ አሸከምኳት።

"ይህ ደን ከሐጂ ጋር አብሮ አረጀ መሰለኝ" አለችኝ። "በየቀኑ ይጥላል።"

ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን እሷም ሐጂም የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ያ ወይራ ከጉቶው ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ አንዱ ከክንዴ ይወፍራል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ምዬ አላውቅም። ደኗም አለች፤ ዛሬም ድሆች ማለዳ ይገቡባታል፤ ዛሬም መሬት ላይ ደረቅ እንጨት አይጠፋም።

መሰላሉ የት እንዳለ ግን አልናገርም።