የቆቅ ምንጣፍ

ተረቴን ያዙልኝ። እንስሳት አፍ በነበራቸው ዘመን አንድ ዝንጀሮ የቆቅን ጫጩት በወንጭፍ ገደለ። ዝንጀሮዎቹም ወንጭፋቸውን እንደታጠቁ ለቅሶ ደረሱ።

ቆቅ የሐዘን ምንጣፏ ላይ ሆና፣ «ወንጭፍ ከመንደሩ ይውጣልኝ» አለች።

ሽማግሌው ዝንጀሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመት ቆቅ፣ በሐዘን ላይ ሕግ አይወራም። ለቅሶው ይነሣና እንነጋገራለን» አላት። አምና ታላቁ ጫጩቷ በወንጭፍ ሲሞትም ያላት ይህንኑ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምንጣፉን ሊያነሡ ሲመጡ ቆቅ ንቅንቅ አላለችም። «እንግዲያው አባቶቼ፣ በሐዘን ላይ ሕግ ካልተወራ እርሻም አይኬድም። እኔ እስክነሣ አብራችሁኝ ተቀመጡ።»

ማሽላቸው ደርሶ ነበር። ግሪሳ ሲለቅመው እያዩ ሁለት ቀን ተቀመጡ። በማግሥቱ ሽማግሌው ወንጭፉን ከወገቡ ፈትቶ ምንጣፉ ላይ አኖረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቆቅ አንድ በአንድ ቆጥራ ተነሣች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ወንጭፉን ግን አትመልሱ።