ለልጅ የተነሣ ዳኛ

ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልለት አንድ ዳኛ ነበረ።

ስለ እሱ የምነግርህ ጥያቄህን ስለ ሰማሁ ነው። አንተ መንገድና ድልድይ የሠራህ መሐንዲስ ነህ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰው አገር፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ሄደህ ልብስ እንድታጥብና ድስት እንድትፈትግ መርጣሃለች። «ለመሆኑ ሰው ለአገልግሎት ሲሄድ ክብሩን የት አስቀምጦ ነው የሚሄደው?» አልከኝ። ጥያቄው የትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ስትጠይቀኝ ትንሽ አኩርፈህ ነበር። አይደንቅም። ዳኛውም አኩርፎ ነበር።

ዳኛው ዕድሜውን የፈጀው ችሎት ላይ ነው። የኋላው በር ሲከፈት ሥነ ሥርዓት አስከባሪው «ተነሡ» ይላል፤ ከሳሹም ተከሳሹም ጠበቃውም እኩል ይነሣሉ። እንዲህ ሲነሡለት የኖረ ሰው ነገሩን እንደ አየር ይለምደዋል፤ መኖሩን የሚያውቀው ሲያጣው ነው። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቹም የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ «ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ትልቅ ሐይቅ ዳር ባለ አገር የምናግዘው የሕፃናት ማሳደጊያ አለ፤ በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን» ሲል እጁን አወጣ። ምክር ሊሰጥ የሚሄድ መስሎት ነበር።

እዚያ ምክር የጠየቀው የለም። ቀኑ ጎህ ሲቀድ በጸሎትና በመዝሙር ይጀምራል። ከዚያ የአልጋው አጎበር ይታጠፋል፤ የረጠበ አንሶላ ይለቀማል፤ ትንንሾቹ ቧንቧው ሥር ፊታቸውን ታጥበው ጉልበታቸውን ቫዝሊን ይቀባሉ። የበቆሎው ገንፎ መቅዘፊያ በሚያህል ማማሰያ ይማሰላል። ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ አለ፤ ከቤት ሥራው በኋላ እንደገና ገንፎ አለ። ከማዕድ በፊት ልጆቹን ማስታጠብም የበጎ ፈቃደኞቹ ድርሻ ነው። በአገራችን ታናሽ ታላቁን ያስታጥባል፤ ዳኛው እዚያ ጎንበስ ብሎ ጣሳ ያጋድላል፣ ታጣቢው ደግሞ ውሃው ቀዘቀዘኝ ብሎ ይቆጣዋል።

አብረውት የሄዱት ሁለት ያገሩ ሰዎች፣ አንዲት ነርስና አንድ አናጢ፣ ሥራውን ቶሎ ለመዱት። ዳኛው ግን ሸሚዝ ሲጨምቅ ቁልፍ ይበጥሳል፤ ገንፎ ሲያማስል ያሳርራል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ገንፎው ይግባኝ እያለ ነው» ይለዋል አናጢው ከጭሱ ማዶ።

«አንተ ዝም ብለህ እንጨትህን ላግ» ይላል ዳኛው።

ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው አንድ ነገር ነበር። ወደ ምግብ አዳራሹ ሲገባ የሚነሣ ልጅ የለም፤ ማንኪያቸውን እንኳ ገታ አያደርጉም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። ይህን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊያውቅ ነው ብሎ ዳኛው ለቤቱ እናት ነገራት። የቤቱ እናት ኤስናት የምትባል የዚያው አገር ሴት ናት፤ ሁለቱም በሚያነክስ እንግሊዝኛ ይግባባሉ።

«ሲበሉ አናስነሣቸውም» አለችው። ከዚያ በላይ አላብራራችም። ዳኛውም መልሱ በቂ አይደለም ሲል በልቡ ወሰነ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቲያሚኬ የምትባል ልጅ መጣች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት። በመጣች ማግሥት ዳኛው ወደ አዳራሹ ሲገባ ብድግ አለች። ዳኛው ባለበት ቆመ። የዚያን አገር መሬት ከረገጠ ጀምሮ የተነሣለት የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች።

«ይህቺ የጨዋ ልጅ ናት» አላት ነርሷን።

«ጋሼ፣ ከየት እንደ መጣች እንኳ በደንብ አናውቅም።»

«ጨዋነት ከየትም ይመጣል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ዳኛው ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት ብሎ መግባት ጀመረ። ስትነሣለት ራሷን ይደባብሳታል፤ ለሌሎቹም «እሷን እዩ» ይላቸዋል። ሌሎቹ እሷን አይተው መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ትመዝን ነበር። አንድ ቅዳሜ ሚዛኑን እያነሣች፣ «ሁሉም ጨምሯል፤ የእርስዎ የጨዋ ልጅ ግን ቀንሳለች» አለችው። «በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ፊቷ እየቀረበ ሰው እንዴት ይከሳል?»

ዳኛ ያላየውን አይፈርድም፤ ቢያንስ እንደዚያ ይላል። በማግሥቱ በማድ ቤቱ መስኮት ቆሞ ወደ አዳራሹ ተመለከተ። ቲያሚኬ ተቀመጠች። ወጥ ቤቷ ጨው ይዛ ገባች፤ ቲያሚኬ ተነሣች። አናጢው ጣውላ ተሸክሞ ገባ፤ ተነሣች። ከእሷ ጥቂት ከፍ የሚል ልጅ ሲገባም ተነሣች። አንዴ ከተነሣች ወዲያ ወደ ቦታዋ አትመለስም፤ ግድግዳው ሥር ትቆማለች። ፈጠን ያለ ሕፃን ቦታዋን ይይዛል፤ ሳህኗንም ይጨርስላታል። እሷ አትከራከርም። ባዶውን ሳህን ተቀብላ፣ እንደ በላ ሰው ወስዳ ታጥበዋለች።

ዳኛው ኤስናትን ፈልጎ ጠየቃት። ጓሮ አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«ያደገችው ገበያ ውስጥ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው» አለችው። «በተቀመጠችበት ትልቅ ሰው ከመጣ ቦታው የእሱ ነው። ካልተነሣች በእግር ይሏታል።»

«እኔ ስገባም ለዚሁ ነው የምትነሣው?»

ኤስናት አንሶላውን አራገፈች። «ከቦታዋ ካስነሷት ሰዎች ሁሉ፣ ስለ ተነሣች ያመሰገኗት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች።

ዳኛው በሥራ ዘመኑ ብዙ ይግባኝ ተብሎበታል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተሻረ ፍርድ ግን አልነበረውም።

ያበላሸውን ሊያቃና ተነሣ። በልጅቷ ቋንቋ «ተቀመጪ» ማለትን ተምሮ «ተቀመጪ» አላት፤ ትልቅ ሰው አናገራት ብላ ተነሣች። ጥግ ይዛ እንድትበላ አደረገ፤ ከጥጉም ተነሣች። እሱ ራሱ ወደ አዳራሹ ላለመግባት ሞከረ፤ ሌላ የሚገባ መች ይጠፋል። ነርሷ ጓዳ ወስዳ ለብቻዋ ልታበላት አሰበች፤ ኤስናት ግን «ለብቻ መብላትማ ታውቃለች» ብላ ከለከለቻት። ልጅቷ መክሳቷን ቀጠለች። ያ ሐይቅ ዳር ደግሞ ወባ ይበዛበታል፤ የከሳ ልጅ አንድ ትኩሳት እንደሚበቃው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

በዚህ መሐል በጎ ፈቃደኞቹን የላኳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሥራውን ሊያዩ ከአገር ቤት መጡ። እሑድ ምሳ ላይ አዳራሹ ሞላ። ለሽማግሌዎቹ ከጠረጴዛው ራስ ወንበር ተዘጋጀ፤ ዳኛውም መሐላቸው፣ መደገፊያ ባለው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለብዙ ወራት ያጣው ነገር በአንድ ምሳ ተመለሰለት። «ክቡር ዳኛ» ይሉታል፤ ሲናገር ጸጥ ብለው ያዳምጡታል። ስለ አንድ የድንበር ክርክር ጨዋታ ጀምሮላቸው ነበር፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ ሊደርስ ሲል ቲያሚኬ በሩ ላይ ብቅ አለች።

ሁልጊዜም የምትገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛለች። ከአግዳሚው ጫፍ ለእሷ የተተወ ቦታ ነበረ፤ እሷ ግን ያየችው በየወንበሩ የተቀመጡትን የማታውቃቸውን ትልልቅ ሰዎች ነው። ወደ መጣችበት ዞረች።

ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ብድግ አለ። «ኖር» አለ፣ ችሎት ያስከብርበት በነበረው ድምፅ።

ያገራችንን ሰው መቼም ታውቀዋለህ። ታላቅ ቆሞ እሱ አይቀመጥም፤ ለምን እንደ ተነሣ የሚጠይቀውም ከተነሣ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሡ። ነርሷ ተነሣች፤ አናጢው ተነሣ። ሹም የመጣ መስሏቸው ወደ በሩ ቢያዩ አንዲት ቀጭን ልጅ ሳህን ይዛ ቆማለች። ልጆቹም ትልልቁ ሰው ሁሉ ሲቆም ምን መጣ ብለው ማንኪያቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። በዚያ ቤት ልጅ ከማዕድ አይነሣም ነበር፤ ኤስናት ግን ያን ቀን አልከለከለችም። እሷም ቆመች።

ልጅቷ ግራ ገባት። ለተቀመጠ ትልቅ ሰው ቦታ መልቀቅ ታውቃለች፤ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። እሷ በሩ ላይ ቆማለች፤ እነሱም በየቦታቸው ቆመዋል። ገንፎው ይበርዳል።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

«ለጉልበቴ ቀጠሮ ሰጥቼዋለሁ።»

ኤስናት ለልጅቷ በቋንቋቸው ቀስ ብላ ነገረቻት። «አንቺ ሳትቀመጪ አይቀመጡም። የተነሡት ለአንቺ ነው።»

ቲያሚኬ ዳኛውን አየችው። ዳኛው በአገጩ አግዳሚውን አመለከታት። እንደ ሰው አገር ውሻ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄደችና ከጫፉ ተቀመጠች። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ስለ እሷ ሆኖ «በእግዜር፣ በእግዜር» አለ። ሁሉም ተቀመጠ።

ብዙ ሳይቆይ ወጥ ቤቷ ወጥ ልትጨምር ገባች። ቲያሚኬ ልትነሣ ከአግዳሚው ከፍ አለች። ዳኛውም ወንበሩን ተደግፎ ከፍ አለ፤ ጉልበቱ ቋ ሲል እስከ እሷ ተሰማ። ልጅቷ ጉልበቱን አየች፤ ፊቱን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። እሱም ተቀመጠ። ሌላ ሰው ገባ፤ እሷ ከፍ ስትል እሱም ከፍ አለ፤ ቶሎ ተቀመጠች። ያን ቀን ሳህኗን የጨረሰችው ለዳኛው ጉልበት አዝና ነው። የድንበር ክርክሩ ጨዋታ እንዴት እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ዳኛው በየማዕዱ እንዲሁ አደረገ። ሌሎቹ ልጆች ነገሩን ሲደርሱበት መጫወቻ አደረጉት። ወጥተው ይገባሉ፤ እሱ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ እነሱ እየተንከተከቱ «በግዜር» ብለው ያስቀምጡታል፤ ደግመው ይወጣሉ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መዝገብ በዛብዎት» አለው አናጢው።

«ይግቡ» አለ ዳኛው። «ሁሉም ተራውን ያግኝ።»

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ዳኛው ልጆቹ መብላት ከጀመሩ በኋላ ገባ። የዘገየው ገንፎ ያረረበትን ድስት ሲፈትግ ነው። ቲያሚኬ ከሌሎቹ መሐል ተቀምጣ ትበላለች፤ ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር ማን ብዙ ቦታ ያዘ በሚል ትከራከራለች። ጉንጯ ሞልቷል። ቀና ብላ አየችው፤ አየችውና ማንኪያዋን ወደ አፏ፣ ነገሯንም ወደ ክርክሯ መለሰች። አልተነሣችም።

ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ አዳራሽ ሲነሣለት እንደዚያ ጠዋት ደረቱ ሞልቶ አያውቅም። ነርሷን ሄዶ ጠራት።

«አየሻት?»

«ምኗን?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«ተቀምጣለች።»

አገሩ ሲመለስ ሰው ሁሉ ምን ሠርተህ መጣህ ብሎ ጠየቀው። እንደ እሱ ሄደው የተመለሱ ሌሎች ያሠሩትን ቤት፣ ያስቆፈሩትን ጉድጓድ ይናገራሉ። እሱ «ስገባ የማትነሣልኝ ልጅ አለችኝ» ይላል። የሚለውም ሌላው ሰው «ልጄ ሐኪም ሆናልኛለች» በሚልበት ኩራት ነው። ብዙዎቹ አይገባቸውም። እሱም አያስረዳም።

እንግዲህ ልጄ፣ ክብርህን የት እንደምታስቀምጥ ጠይቀኸኛል። የትም አታስቀምጠው፤ ይዘኸው ሂድ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጊዜ ጌትነቱን አልደበቀም፤ ጌታ መሆኑን እየነገራቸው ነው ያጠባቸው። ያ ዳኛ ማንም የማይነሣለት ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሲነሣ አብሮት የሚነሣ አይገኝም ነበር፤ ልጅቷም ዞራ ትሄድ ነበር። እዚያ የምታገኛቸው ልጆች ዝቅ ያለ ሰው አላጡም፤ በረንዳ ላይ አብሯቸው ያደረው ሁሉ ዝቅ ያለ ነበር። ያጡት ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ለእነሱ ብድግ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ በድልድዮችህ አትፈር፤ መሐንዲስነትህንም እዚህ ለማንም አደራ አትስጥ። ኮርተህ ሂድ። የእነዚያን ልጆች ልብስ የሚያጥበው መሐንዲስ ይሁን።