ከመዳፍ ሥር የወጣ ስንኝ

ተረት ተረት ካላችሁኝ ጆሯችሁን አውሱኝ። አያ አንበሶ ልጁን ሲድር አዝማሪው ፌንጣ ሊያወድሰው ተጠራ። ፌንጣ ግን ቢያስብ ቢያሰላስል አንድ ስንኝ ጠፋው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ አያ አንበሶ።

«ስሜቱ አልመጣልኝም ጌታዬ። እስቲ ነፋሱ ይርጋ፣ ፀሐይዋም ትዘቅዝቅ።»

እመት ጦጣ ጨነቃትና «ተቀበል! ስንኙን እኔ ልስጥህ» ብትለው «የተውሶ ግጥም አልዘፍንም!» ብሎ ተኮፈሰ።

አያ አንበሶ ትዕግሥቱ አልቆ መዳፉን ጫነበት። ጥፍሩ ጀርባውን ሲነካው ፌንጣ ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ ከክንፉ ጋር ተፋተገና ዜማ ወጣ። ዜማውን ተከትሎ አንድ ስንኝ መጣ፤ ሌላውም ደረሰ። ሠርገኛው በጭብጨባ ቀወጠው።

አያ አንበሶ ደስ ብሎት «በል ምሬሃለሁ» ብሎ መዳፉን ሊያነሣ ሲል ፌንጣ ከሥር ጮኸ፦

«በእናትዎ ጌታዬ፣ ግጥሙ ሳያልቅ እንዳያነሡብኝ!»